በሕዝብ ፊት የሚሠራ ቅዱስ ሥዕል

የሕዝብ ፌስቲቫል ከሙዚየም የሚለየው ያለቀውን ዕቃ ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም በማሳየቱ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃ ስታቦካ፣ ሸማኔው መወርወሪያውን ሲወረውር ጎብኚው አጠገባቸው ይቆማል፤ ይጠይቃል፤ ሲፈቀድለትም እጁን ያስገባል። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዋሽንግተን ናሽናል ሞል የሚካሄደው የስሚዝሶኒያን ፎክላይፍ ፌስቲቫል የታወቀው በዚሁ ነው፤ ባለሙያው ከነመሣሪያው ይመጣል፣ ከሰው ጋር እየተጨዋወተ ይሠራል። እንስራ ወይም ጋቢ ሲሠራ ማሳየት ማንንም አያከራክርም። ክርክር የሚመጣው ሥራው ራሱ ጸሎት ሲሆን ነው። በተመልካች ፊት የተሠራ ቅዱስ ሥዕል ቅድስናው አብሮት ይኖራል ወይስ ትርዒት ብቻ ይሆናል?

ጥያቄውን አጉልቶ የሚያወጣው የቲቤት መነኮሳት የአሸዋ ማንዳላ ነው። ማንዳላ በታንትራዊው ቡድሂዝም የአንድ አምላክ መኖሪያ ንድፍ ነው። መነኮሳቱ በመጀመሪያ ቦታውን በጸሎትና በዜማ ይባርካሉ፤ ቀጥሎም በጠመኔ በታሸ ክር መስመሮቹን ይጥላሉ። ከዚያ ቀለም የገባ አሸዋ ቻክፑር በሚባል ቀጭን የብረት ቀፎ ውስጥ ይሞላል። የቻክፑሩ ጎን እንደ ሞረድ ሸካራ ስለሆነ በሌላ ዘንግ ሲፋቅ ይንቀጠቀጣል፤ አሸዋውም በጫፉ ይወርዳል። ቀስ ተብሎ ሲፋቅ ጥቂት ቅንጣት፣ ቶሎ ቶሎ ሲፋቅ ወፍራም መስመር ይወጣል። ሥራው ከመካከል ተነሥቶ ወደ ዳር ይሰፋል፤ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ካላቻክራ በተባለው ማንዳላ ውስጥ ብቻ 722 አማልክት በየቦታቸው እንዳሉ ይታመናል። ይህ ሁሉ ተለፍቶበት ሲያበቃ ይፈርሳል። አሸዋው ከዳር ወደ መካከል ይጠረግና ተሰብስቦ ወደ ወራጅ ውኃ ይጨመራል።

በቀድሞው ሥርዓት የካላቻክራን ማንዳላ የሚያየው ለምስጢሩ የተዘጋጀ ሰው ብቻ ነበር። በ1988 ግን የናምግያል ገዳም መነኮሳት በኒው ዮርክ በሚገኘው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ መንገደኛው ሁሉ እያየ ሠሩት። ጀርመናዊው ፈላስፋ ዋልተር ቤንያሚን በ1930ዎቹ የጥበብ ሥራ ለአምልኮ በመዋሉ የሚያገኘውን ዋጋ በመታየቱ ከሚያገኘው ዋጋ ለይቶ፣ የመታየቱ ዋጋ ሲያይል የአምልኮው እንደሚሳሳ ጽፎ ነበር። በዚህ ሚዛን ሙዚየም የገባው ማንዳላ ከሳሪ ነው። ሚዛኑ ግን ሙሉ በሙሉ አይገጥመውም። ቤንያሚን ያሰበው የሚባዛና ከቦታ ቦታ የሚጓዝ ሥዕልን ነው፤ ማንዳላ ግን ሰው ገዝቶ ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው አይችልም። መነኮሳቱም የራሳቸው መልስ አላቸው፤ ማንዳላውን በቅን ልብ ማየት በተመልካቹ ውስጥ የበጎ ነገር ዘር ይዘራል ይላሉ። እርግጥ ከመልሱ ጀርባ ስደትም አለ። የቲቤት መንፈሳዊ መሪ ዳላይ ላማ በ1959 ወደ ሕንድ ከተሰደዱ ወዲህ፣ አገሩን ላጣ ሃይማኖት ራሱን ለዓለም ማሳየት የመኖር ጉዳይ ሆኗል። ይህን ሳይናገሩ ስለ በጎ ዘር ብቻ መናገር ነገሩን ማስዋብ ይሆናል።

በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ የሚኖሩት ናቫሆዎች ሌላ መንገድ መርጠዋል። የእነሱ የአሸዋ ሥዕል የሚሠራው ለሕመምተኛ ነው፤ በሽተኛው በሥዕሉ ላይ ይቀመጣል፤ በሥዕሉ የተጠሩት ቅዱሳን ኃይሎችም እንደሚፈውሱት ይታመናል። ሥርዓቱ ሲያልቅ ሥዕሉ ይደመሰሳል። ቋሚ አድርጎ ማስቀረት ጉዳት ያመጣል ተብሎ ይፈራ ስለነበር፣ የሥርዓቱ አዋቂ ሆስቲን ክላህ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ንድፎቹን በምንጣፍ ላይ መሸመን ሲጀምር ብዙ ወገኖቹ ደንግጠው ነበር። ናቫሆ ሠዓሊዎች በ1941 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ወለል ላይ ሠርተው አሳይተዋል። በኋላም በእንጨት ላይ በሙጫ የተጣበቀ የአሸዋ ሥዕል ለገበያ ቀርቧል። ለሕዝብና ለገበያ በሚሠራው ላይ ግን የተለመደ ጥንቃቄ አለ፤ አንድ ቀለም ይቀየራል፣ አንድ ምስል ይቀራል ወይም ቦታውን ይለውጣል። ጎብኚው ልዩነቱን አያውቅም፤ ሠዓሊው ግን የጎደለውን አሳምሮ ያውቃል። ይህ ማታለል ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ጎብኚው ፈውስ ፈልጎ አልመጣም፤ ያሰበውንም ነገር አልተነፈገም።

ሁለቱ መንገዶች ይቃረኑ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ቅድስናው በመልኩ ብቻ አያድርም። ቢያድርማ ኖሮ ቲቤታውያኑ ባላፈረሱት፣ ለናቫሆውም አንዲት ምስል መተው ነገሩን ባልለወጠለት ነበር። አሪስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ ስድስተኛ ክፍል፣ ውጤቱ ከድርጊቱ ውጪ የሚቀመጥ ሥራን ፍጻሜው ራሱ ድርጊቱ ከሆነው ይለያል። ቤት መሥራት የፊተኛው ነው፤ መልካም ማድረግ የኋለኛው። የአሸዋው ሥዕል ቤት የመሥራትን ያህል ሙያ ቢጠይቅም የሚመደበው ከኋለኛው ጋር ነው። ማን ሠራው፣ ለማን፣ በማን ፈቃድና በምን ቅደም ተከተል የሚሉት ጥያቄዎች ከንድፉ እኩል ይመዝናሉ። መታየትና መሰጠትም አንድ አይደሉም። በኢትዮጵያ በጥምቀት ታቦቱ አደባባይ ወጥቶ ሕዝብ ያጅበዋል፤ ግን ተሸፍኖ ነው፣ የሚሸከመውም ካህን ነው።

ጎብኚው እጁን ሲያስገባስ? ማንዳላ ይዘው ከከተማ ከተማ የሚዞሩ መነኮሳት አንዳንድ ጊዜ ለልጆችና ለአዋቂዎች ሌላ ጠረጴዛ ያዘጋጃሉ፤ በዚያ ላይ ጎብኚዎቹ ቻክፑር እየፋቁ ቀላል ንድፍ በአሸዋ ይሞላሉ። ያልተፈቀደ ሙከራም አጋጥሟል። በ2007 በካንሳስ ሲቲ ዩኒየን ስቴሽን አንድ ሕፃን ባላለቀው ማንዳላ ላይ ወጥቶ ረገጠው፤ መነኮሳቱም ሳይቆጡ የተበላሸውን ጠግነው ቀጠሉ። በተፈቀደው ጠረጴዛ ላይ ግን አንድ ልጅ የሚያገኘው ምስጢሩን ሳይሆን የክብደቱን ግምት ነው። የሃንጋሪ ተወላጁ ሊቅ ማይክል ፖላኒ ሰው ከሚናገረው በላይ እንደሚያውቅ በሰፊው አስረድቷል፤ ጣት የሚያውቀው ነገር በጽሑፍ ሰሌዳ አይተላለፍም። አሸዋው እምቢ ብሎት አንድ ቀጥ ያለ መስመር ማውጣት የተሳነው ሰው፣ አጠገቡ ያለውን ማንዳላ የሚያይበት ዓይን ከቅድሙ ይለያል።

ስለዚህ ልምምዱን ከሥርዓቱ ለይቶ በሌላ ጠረጴዛ ማቅረብ ትክክለኛ አሠራር ነው። ምን እንደሚታይ፣ ምን እንደሚቀር፣ ጎብኚው የቱን መንካት እንደሚችል መወሰን ያለባቸው የሥርዓቱ ባለቤቶች እንጂ የፌስቲቫሉ አዘጋጆች አይደሉም። ባለቤቶቹ ሳይጠየቁ ለሕዝብ የሚቀርብ ቅዱስ ሥራ ካለ፣ የቱንም ያህል ሰው ቢስብ፣ ባይቀርብ ይሻላል።