«ልሄድ ነው» የሚባለው መቼ ነው?

ከክፉ አሠሪ መለየት ብዙ አያስጨንቅም፤ ደመወዝን ተቀብሎ፣ ዕቃን ሰብስቦ መሄድ ነው። የሚከብደው ከደግ አሠሪ መለየት ነው። ውድ እኅቶችና ወንድሞች፤ ከመካከላችን ብዙዎቻችን እየተማርን የምንሠራ፣ ወይም ነገ ከነገ ወዲያ ሥራ የምንይዝ ስለሆንን፣ ይህ ጥያቄ አንድ ቀን የእያንዳንዳችንን ደጅ ማንኳኳቱ አይቀርም። ጥያቄውም፦ ሥራ ልለቅ ማሰቤን መልካም ላደረገልኝ ሰው የምነግረው መቼ ነው? የሚል ነው።

ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር፣ በራሴ የደረሰውን ልናገር።

በዩኒቨርሲቲ እየተማርሁ ሁለት ዓመት ያህል በአንዲት አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ሠርቻለሁ። ባለቤቲቱ በዕድሜ እናቴን የሚሆኑ ሴት ናቸው፤ «እትዬ» እላቸዋለሁ። የፈተና ሰሞን ሲሆን «ሂድ፣ አጥና» ብለው ያሰናብቱኛል፤ ደመወዜን ግን አይቆርጡም። እናቴ በታመመች ጊዜም ሳልጠይቃቸው የሁለት ወር ደመወዝ አስቀድመው ሰጥተውኛል።

ዘንድሮ በየካቲት ወር፣ በሌላ ከተማ ከትምህርቴ ጋር የሚስማማ ሥራ ልታገኝ ትችላለህ ተባልሁ። ወዳጆቼ «ነገሩ ሳይጨበጥ አፍህን አትክፈት» አሉኝ፤ ምክራቸውንም ተቀበልሁ። በመጋቢት አጋማሽ ግን ውሉን ፈርሜ ነበር፤ ከሐምሌ ጀምሮ እንድገኝም ቀን ተቆርጦልኝ ነበር። ያን ጊዜም ዝም አልሁ። ምክንያት አላጣሁም፤ ዛሬ ደክሟቸዋል፣ ነገ ሥራ ይበዛል፣ ከፋሲካ በኋላ ይሻላል እያልሁ ቀን በቀን ላይ ጨመርሁ።

አንድ ማታ ሱቁን ስንዘጋ፣ «ዕቁቤ ወጥቶልኛል፤ ሁለተኛ ማሽን ልገዛ ነው። አንተ እያለህልኝ ምን ያስፈራኛል?» አሉኝ። እኔም ፈገግ ብዬ «ደግ ነው፣ እትዬ» አልሁ። ከአፌ የወጣ አንድም የሐሰት ቃል አልነበረም፤ ነገር ግን ዋሽቻለሁ።

በነገርኋቸው ጊዜ ለማሽኑ ቀብድ ከከፈሉ አራተኛ ቀናቸው ነበር። ብዙ አልተናገሩም። «ምነው ልጄ፣ ባለፈው ሳምንት ብትነግረኝ!» ብቻ አሉ፤ ቀጥለውም መረቁኝ። የሚይዘው ሰው ሳይኖር ማሽን መግዛት ትርፍ ዕዳ ስለሚሆንባቸው ግዢውን ተዉት። ሻጩም ቀብዱን አልመለሰም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን አጥብቄ መመርመር ጀመርሁ።

በመጀመሪያ፣ ለደግ አሠሪ ዕዳችን ምንድን ነው? አንዳንዶች «መቅረት ነው፤ ደግ ያደረገልህን ሰው ትቶ መሄድ የበሉበትን ወጭት መስበር ነው» ይላሉ። እኔ በበኩሌ ይህን አልቀበልም። ደግነት ሰውን መግዣ ከሆነ ንግድ እንጂ ደግነት አይባልም። እትዬ «ሂድ፣ አጥና» ያሉኝ ሁልጊዜ ከማሽኑ ሥር እንድቀር አልነበረም። እንግዲህ ዕዳችን እውነትን በጊዜው መንገር ነው።

ሁለተኛ፣ ጊዜው ስንት ነው? ሕጉ የራሱን መልስ ሰጥቷል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራውን ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። አሠሪው ሠራተኛውን በማስጠንቀቂያ ሲያሰናብት ግን ጊዜው እንደ አገልግሎቱ ያድጋል፤ እስከ 1 ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ላገለገለ 2 ወር፣ ከ9 ዓመት በላይ ላገለገለ 3 ወር ነው። ሕጉ አብሮ የቆየ ሰው ድንገት ሲለይ ጉዳቱ የከፋ መሆኑን ለሠራተኛው አስቦለታል። እኛስ ይህንኑ ለደግ አሠሪ ብናስብ ምን ይጎድለናል? እኔ ስነግራቸው ከሁለት ወር በላይ ቀርቶኝ ነበር። በሕግ ፊት ነጻ ነኝ፤ በእትዬ ቀብድ ፊት ግን ነጻ አይደለሁም። ሕጉ ከዚህ አትውረድ ይላል እንጂ ከዚህ በላይ አትውጣ አይልም።

ሦስተኛ፣ ታዲያ ያሰብነውን ሁሉ ወዲያው እንናገር ማለት ነውን? አይደለም። ምኞት አለ፣ ዕቅድ አለ፣ የተቆረጠ ውሳኔ አለ። ምኞታችንን ሁሉ ብንናገር የሰው ሰላም በከንቱ እንነሳለን። ደግሞም በተናገረበት ቀን ከሥራ እንደሚባረር የሚያውቅ ሠራተኛ የሕጉን 30 ቀን ቢጠብቅ የሚፈርድበት የለም፤ የልጆቹን እንጀራ አሳልፎ ስጥ አይባልም። የተቆረጠ ውሳኔን ግን ከደግ ሰው ደብቆ ማሳደር ምክንያት የለውም። ከዚህም አልፎ፣ የራሳችንን ነገር ብቻ ሳይሆን የአሠሪያችንን እጅ ማየት ይገባናል። እኛን ተማምኖ ገንዘብ ሊያወጣ፣ ቤት ሊከራይ፣ ብድር ሊገባ ነውን? እንደዚያ ከሆነ ዕቅዱ ገና ያልተቆረጠ ቢሆንም እንኳ፣ «እርግጡን ገና አላወቅሁም፤ ነገር ግን በእኔ ላይ አይመሥርቱ» ማለት ግዴታ ነው።

ሁላችንም የምናውቃቸውን ሁለት ታሪኮች እናስታውስ። ያዕቆብ ላባን 20 ዓመት ካገለገለ በኋላ ሳይነግረው ሄደ፤ ላባም በሦስተኛው ቀን ሰምቶ ሰባት ቀን ተከታተለው፣ ልጆቹን ስሞ እንዳይሰናበት ስለ ከለከለውም ወቀሰው። ያዕቆብ ግን የሚፈራበት ምክንያት ነበረው፤ ላባ ደመወዙን አሥር ጊዜ ለዋውጦበታል። ሙሴ ደግሞ በስደቱ የተቀበለውን የዮቶርን በጎች ይጠብቅ ነበር፤ ወደ ግብፅ ሊመለስ በተነሣ ጊዜ መጀመሪያ ወደ ዮቶር ሄዶ ፈቃድ ጠየቀ፣ በሰላምም ተሰናበተ። እኔ ያገለገልሁት ዮቶርን ሆኖ ሳለ አካሄዴ ከላባ እንደሚሸሽ ሰው ነበር። ምን ፈርቼ? የፈራሁት ያዘነ ፊታቸውን ማየት ነው። «እንዳላሳዝናቸው ብዬ ነው» ያልሁት ሁሉ ራሴን ለማዳን ነበር።

ይህን ስጽፍ የቀረኝ ሦስት ሳምንት ነው። ሰሞኑ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚተየብበትና የሚጠረዝበት፣ ሥራውም ከሁሉ ጊዜ የሚበዛበት ነው፤ እስከ ሰኔ መጨረሻ አልለይም። በእኔ ቦታ የምትተካውን ልጅም ሥራውን እያስለመድኋት ነው። ቀብዱን ልክፈል ብዬ ብጠይቃቸው «ለመንገድህ ይሁን» ብለው ዝም አሰኙኝ። ገንዘቡን ከመጀመሪያው ደመወዜ ልልክላቸው ወስኛለሁ፤ ይቀበሉኝ እንደሆነ ግን አላውቅም።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ለመንገር የሚመች ቀን አትጠብቁ፤ እንዲህ ያለ ቀን አይመጣም። ደግ የሆነላችሁ ሰው እናንተን ተማምኖ እጁን ወደ ኪሱ ከመስደዱ በፊት ንገሩት።