ገንዘብ የሚጠይቅ መብት

“መብት” የምትለዋን ቃል ገንዘብ አካባቢ ስሰማት ጠርጠር አደርጋለሁ። አንድ ኩባንያ ገንዘብ ሲያጥረው አዲስ አክሲዮን ያወጣና ከሌላው ሰው በፊት ለነባር ባለአክሲዮኖቹ ያቀርባል፤ ብዙ ጊዜ በቅናሽ። ፈረንጆቹ ራይትስ ኢሹ ይሉታል። እኛም ጋ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ለነባር ባለአክሲዮን ቅድሚያ ይሰጣል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ድርሻችሁ ሳታውቁት በሌላ ሰው እንዳይሸረሸር ነው። ግን መብቱን ለመጠቀም መክፈል ያስፈልጋል። መክፈል ለማይችል ሰው ይሄ መብት ምኑ ነው?

ጥያቄው በተለይ የሚከብደው ሕንፃ ገንብተው በሚያከራዩ ኩባንያዎች ላይ ነው። ሕንፃ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው በብድር ነው። ኪራይ ሲቀዘቅዝ የሕንፃው ዋጋ ይወርዳል፣ ዕዳው ግን ያው ነው። አበዳሪውም ዕዳው ከንብረቱ ዋጋ ከተወሰነ መቶኛ እንዳይበልጥ ቀድሞ አስፈርሟል። ያኔ ኩባንያው ፊቱን ወደ ባለአክሲዮኖቹ ያዞራል።

እ.ኤ.አ. በ2020 እንግሊዝ ውስጥ የሆነውን እዩ። ትልልቅ የገበያ ማዕከላት የነበሩት ኢንቱ ወደ 4.5 ቢሊዮን ፓውንድ ዕዳ ተሸክሞ በማርች ከባለሀብቶች አዲስ ካፒታል ፈለገ፤ ሰጪ አጣ። በጁን ወደቀ። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ሃመርሰን ደግሞ በዚያው ዓመት ለእያንዳንዱ 1 ነባር አክሲዮን 24 አዲስ፣ አንዱን በ15 ፔንስ አቀረበና 552 ሚሊዮን ፓውንድ ሰበሰበ። ቆመ። ግን 100 አክሲዮን የነበረው ሰው የድርሻውን ሁሉ ለመውሰድ 360 ፓውንድ ማውጣት ነበረበት። ካላወጣ ከቀድሞ ድርሻው የሚቀረው ከ25 አንድ እጁ ነው። ስለዚህ “ካፒታል አታሳድጉ” ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም፤ ኩባንያው ከሞተ የሁሉም ድርሻ አብሮ ይሞታል።

አክስቴ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ሕንፃ በሚያከራይ አንድ አክሲዮን ማኅበር ውስጥ ትንሽ ድርሻ አላት። ደብዳቤው ሲደርሳት አምጥታ ሰጠችኝና “መብት ከሆነ ለምንድነው ቀነ ገደቡ የሚያስፈራኝ?” አለችኝ። ለማስረዳት የሚቀል ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፍኩላት። 10 አክሲዮን አለሽ እንበል፤ የአንዱ ትክክለኛ ዋጋ 1,000 ብር። ለእያንዳንዱ አንድ አዲስ በ500 ብር ቀረበ። ሁሉም ተሸጦ ሲያልቅ የአንዱ ዋጋ ወደ 750 ብር ይመጣል። የከፈለው ሰው 10,000 ብር የሚያወጣ አክሲዮን ነበረው፣ 5,000 ጨመረ፣ አሁን 15,000 የሚያወጣ ይዟል። አላተረፈም፣ አልከሰረም። ያልከፈለው 10,000 የነበረው 7,500 ቀረው። 2,500ው የት ገባ? ለሱ የተመደበውን በ500 ገዝተው 750 የሚያወጣ የያዙት ሰዎች ጋ ነዋ!

ለንደን ላይ ይሄ ቀዳዳ በአብዛኛው ተደፍኗል። መብቱ ራሱ ገበያ ላይ ይሸጣል። ዝም ላለ ባለአክሲዮን እንኳ ያልወሰደው አክሲዮን ለሌላ ይሸጥለትና ከተተመነው ዋጋ በላይ የተገኘው ለሱ ይላክለታል። እኛ ጋ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው የተከፈተው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው፤ አብዛኞቹ አክሲዮን ማኅበራት ገና ከሱ ውጭ ናቸው። የአክስቴን መብት የሚገዛ ሰው ከየት ይምጣ? ቀኑ ሲያልፍ መብቱ አብሮ ያልፋል።

አንድ ጓደኛዬ “ደፍሮ ብሩን ያወጣ ይጠቀም፣ ምን አለበት?” ይለኛል። ግማሹን እቀበላለሁ። አዲሱ ብር መጀመሪያ የሚያረጋጋው አበዳሪውን ነው፤ ነገሩ ከተበላሸም ባለአክሲዮን የሚደርሰው ከሁሉም በኋላ ነው። በዚህ ሰዓት ብር ማውጣት ድፍረት ይጠይቃል። ግን አክስቴ ያጣችው ድፍረት ሳይሆን ብር ነው። ቅናሹ እነዚህን ሁለቱን አይለይም። ይባስ ብሎ ዋጋውን የሚያቀርቡት ቦርድ ላይ የተቀመጡት፣ ብዙ አክሲዮንና ብዙ ብር ያላቸው ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ሆን ብለው ነው አልልም። ቅናሹ በጠለቀ ቁጥር መክፈል ካልቻለው ወደ ከፈለው የሚሻገረው እንደሚበዛ ግን ሂሳብ የሚችል ሁሉ ያያል።

ክፈይ ወይም አትክፈይ አላልኳትም። ጉባኤው ላይ የምትጠይቀውን ጻፍኩላት፤ ከሚሰበሰበው ብር ስንቱ ለዕዳ ይሄዳል፣ ዋጋው እንዴት ተተመነ፣ የቦርድ አባላቱስ የራሳቸውን ድርሻ ሙሉ በሙሉ ይከፍላሉ ወይ? ከሁሉም በላይ ደግሞ ያልተወሰደው አክሲዮን ለማን ይሰጣል? በጨረታ ተሸጦ ትርፉ መክፈል ላልቻሉት ቢመለስ ማንን ይጎዳል?

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። አብረዋት አክሲዮን የገዙ አንዲት የሰፈራችን እናት አሉ፤ ማንበብ አይችሉም፣ ጉባኤም ሄደው አያውቁም። “የሳቸውንስ ማን ይጠይቅላቸዋል?” አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ ነጠላዋን አንስታ ወደሳቸው ቤት ሄደች።