የተዘጋ በር ዕዳ

ባቡር ጣቢያን ቅዳሜና እሑድ መዝጋት በደል ነውን? እኔ እንደሚመስለኝ መዝጋቱ ብቻውን በደል አይደለም፤ ሐዲድም ይታደሳል፥ ሠራተኛም ያርፋል። በደሉ ሳይናገሩ መዝጋት ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር የአዳማ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው። (በድሮው በናዝሬቱ ጣቢያ ጊዜ ቢሆን፥ መሐል ከተማ ስለ ነበረ በእግር መመለስ ይቻል ነበር።) እንግዲህ ወደ ድሬዳዋ ልትሄድ ጓዟን በባጃጅ አስጭና በሩን ተዘግቶ ያገኘች ነጋዴ የመሄጃውንም የመመለሻውንም ትከፍላለች፤ ቀጠሮዋም ይፈርሳል። ድግስ የጠራ ባለጸጋ እንኳ ድግሱ ሲቀር መልእክተኛ ይልካል። ከድኻ የተወሰደ ገንዘብ በዳኛ ፊት ይጠየቃል፤ የተወሰደባት ቅዳሜ ግን በየትኛው ችሎት ትመለሳለች? ባጃጆቹ በሚቆሙበት አንዲት ወረቀት ዐርብ ማታ ቢለጠፍ ይበቃ ነበር።