ከሰኮናው በታች

ራእይ ምዕራፍ 6ን ግለጡ። አሮጌውን ትርጉም የያዛችሁ አምባላይ፣ ዳማ፣ ጉራቻ፣ ሐመር የሚሉትን ፈረሶች ታገኛላችሁ። ለፈረስ መልክ እንዲህ ስም የምናወጣ ሕዝብ ነን። ነገሥታቶቻችንም በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ምኒልክ አባ ዳኘው። ስለዚህ ይህን ክፍል ስናነብ ልባችን ቶሎ ኮርቻው ላይ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ1498 አልብረሽት ዱረር የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ የዮሐንስን ራእይ በ15 የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች አሳተመ። የአራቱ ፈረሰኞች ሥዕል ከእነርሱ አንዱ ነው፤ ስልካችሁ ላይ ፈልጉት። ዮሐንስ ፈረሶቹን ያያቸው ተራ በተራ ሲወጡ ነው። ዱረር ግን ጎን ለጎን በአንድ ግልቢያ አስኬዳቸው። ደግሞ ኅትመቱ ጥቁር ቀለም በነጭ ወረቀት ብቻ ስለሆነ፥ አምባላዩን ከዳማው በመልኩ አትለዩትም! የምትለዩት ጋላቢው በያዘው ነው፦ ቀስት፣ ሰይፍ፣ ሚዛን። አራተኛው፥ ሞት፥ መንሽ ይዞ አጥንቱ የወጣ ከሲታ ፈረስ ላይ ተቀምጧል። በአምባላዩ ላይ ያለው ክርስቶስ ነው የሚሉ አስተማሪዎች አሉ፤ ሠዓሊው ከሦስቱ ጋር አብሮ አስጋለበው፥ እኔም በዚህ ከሠዓሊው ጋር ነኝ።

ጋላቢዎቹ የሚያዩት ወደ ፊት ነው። ከሰኮናው በታች ሰዎች ወድቀዋል፤ አንዱ እጁን አንሥቶ ሊከላከል ይሞክራል። ጥግ ላይ የሲኦል አፍ አንድ ባለ ማዕረግ እየዋጠ ነው።

እንግዲህ ልጠይቃችሁ። እዚህ ፍሮግታውን ተቀምጠን የአገር ቤቱን የጦርነት ዜና ስንሰማ፥ በሥዕሉ ውስጥ የት ነን? የሞንግ ጎረቤቶቻችን ከላኦስ ጦርነት የተረፉ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው፤ ከሰኮና በታች መሆን ምን እንደሆነ እነርሱን ማስረዳት አያስፈልግም። እኛ ግን እያንዳንዳችን የየራሳችን አምባላይ አለን። የእርሱ ግልቢያ ፍትሕ፥ የሌላው ግልቢያ ጭፍጨፋ ይመስለናል። ፍትሕ የሚባል ነገር የለም እያልኩ አይደለም፤ በደል አለ፥ በዳይም አለ። ግን ከሰኮናው በታች ያለው ሰው የፈረሱን መልክ አይጠይቅም።

እኔ ራሴ አንድ ማታ ለእህቴ ደውዬ፥ «የእኛዎቹ ከተማዋን ያዙ አይደል!» አልኳት በደስታ። ዝም አለች። ቆይታ፥ «ጤፍ ስንት እንደ ገባ ሰምተሃል?» አለችኝ።

ቁጥር 6ን እንደገና አንብቡት። ሚዛን የያዘው ፈረሰኛ ሲወጣ የሚሰማው ድምፅ የስንዴና የገብስ ዋጋ ነው የሚናገረው። ስንት ዓመት ሰብኬበታለሁ፤ እህቴ እስክትነግረኝ ድረስ ግን አልሰማሁትም።