የደራሲ ትውልድና ድርሰቱ

ልብ ወለድ ታሪክ በተነበበ ጊዜ፣ ደራሲው የማን ልጅ ነው፤ ወዴት አደገ፤ የጻፈውንስ በራሱ ላይ አይቶት ይሆን? ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው የተገባ ነው፤ መልሱ ግን ካልተመዘነ ወደ ስሕተት ይወስዳል።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወለዱ። የካህን ልጅ ስለ ነበሩ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተማሩ። ኋላም በአዲስ አበባ ዘመናዊውን ትምህርት ጨመሩበት። ጠላት አገር በወረረ ጊዜ ዘምተው ተማረኩና በኢጣልያ ደሴቶች ታሰሩ፤ ከነፃነት በኋላም በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት አገለገሉ። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የሚገኘው የተማሪው የበዛብህ ኑሮ፣ የቅኔው ትምህርት፣ የዲማም አገር ከዚያ ከልጅነታቸው የተቀዳ መሆኑን የሚክድ የለም።

ዳሩ ግን የዚያ መጽሐፍ ትልቁ ነገር ራሱ የትውልድ ነገር ነው። ሰብለ ወንጌልንና ወላጆቹ በስለት የሰጡትን የድኻውን ልጅ በዛብህን ከለያዩአቸው ነገሮች ዋናው የፊታውራሪ መሸሻ ዘር ቆጠራ ነው። ጉዱ ካሣ ደግሞ ከዚያው ከባላባት ወገን ተወልዶ ሳለ የባላባቱን ሥርዓት ሲነቅፍ ይኖራል። እንግዲህ ድርሰቱን ሁሉ በደራሲው ትውልድ ብቻ ሊፈታ የሚነሣ ሰው፣ ሳያውቀው በፊታውራሪ መሸሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይፈርዳል ማለት ነው።

ይህ ሲባል የአባቶች ውርስ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። መዓዛ መንግሥቴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ባሳተመችው ልብ ወለድ በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተዋጉትን ሴቶች ጽፋለች። የገዛ ቅድመ አያቷም የአባታቸውን ጠመንጃ በዳኛ ፊት ተከራክረው ወስደው የዘመቱ ናቸው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ቅድመ አያት ያለው ሁሉ መጽሐፍ አልጻፈም።

በጨለለቅቱና በመላው የጌዴኦ ምድር ያለ ገበሬ ይህን ከእንሰቱ ያውቀዋል። ከእናቲቱ ሥር የበቀለውን ችግኝ ለይቶ ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውረዋል፤ ሲያድግም ደግሞ እንደገና ይተክለዋል። ችግኙ የእናቱን ዓይነት አይለቅም፤ የሚወፍረው ግን እንደ ተተከለበት አፈርና እንደ ገበሬው ድካም ነው።

ስለዚህ ትውልድና ኑሮ ለደራሲው ነገሩን ይሰጡታል እንጂ ፍርዱን አይሰጡትም። ያየውን በእውነት መመዘን የራሱ ሥራ ነው፤ የሚመሰገንበትም የሚወቀስበትም ይኸው ነው። ለአንባቢና ለመምህርም ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ተማሪውን «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የሚያሳፍር መምህር፣ ሊጻፍ የነበረውን አንድ መጽሐፍ ሳይጻፍ አስቀርቶት ይሆናልና።