ሻይ ንፁህ ነው፤ ውዱእ ግን አይደረግበትም

 

ውድ ወንድምና እህቶቼ፣ ዛሬ ለጁምዓ ስትታጠቡ እስቲ ውሃውን ልብ በሉት። በሻፊዒይ መዝሀብ የፊቅህ ኪታቦች የሚጀምሩት በጦሃራ ነው፤ ጦሃራም የሚጀምረው በውሃ ዓይነቶች ነው።

አንደኛው ጦሁር ነው፦ ራሱ ንፁህ ነው፣ ሌላውንም ያጠራል። የዝናብ፣ የባህር፣ የወንዝ፣ የጉድጓድ ውሃ ማለት ነው። አላህ በሱረቱል ፉርቃን 48ኛው አንቀጽ የዝናብን ውሃ የጠራው በዚሁ ስም ነው። ሁለተኛው ጧሂር ነው፦ ራሱ ንፁህ ነው፣ ሌላውን ግን አያጠራም። ሻይ፣ የሥጋ መረቅ፣ የጽጌረዳ ውሃ እዚህ ይገባሉ። ሦስተኛው ነጃሳ ያበላሸው ነው። ከሁለት ቁላ፣ ማለትም ከ200 ሊትር ገደማ ካነሰ ነጃሳ ስለነካው ብቻ ይበላሻል፤ ከበዛ ግን የሚበላሸው ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው ሲለወጥ ነው።

ሦስተኛውን ሁላችንም እንሸሻለን። የሚያሳስበው ሁለተኛው ነው። ሻይን ከጦሁርነት ያወጣው ምንድን ነው? ቆሻሻ አይደለም። ቅጠሉም ስኳሩም ሀላል ነው። ንፁህ ነገር እየተቀላቀለበት ስሙን አጣ፤ ማንም «ውሃ» ብሎ አይጠራውም።

እኛስ? ሥራው ሀላል ነው፣ ኳሱ ሀላል ነው፣ ከጓደኛ ጋር መጫወቱም ሀላል ነው። «ማንንም አልበደልኩ፣ ሀራም አልነካሁ» እንላለን። እውነት ነው፣ ጧሂር ነን። ግን አብሮን የሚውለው ጓደኛ ሶላት ሲተው አንድ ቀን «ተነስ፣ አብረን እንስገድ» ብለነዋል? በእኛ ምክንያት ማን ጠራ?

ታዲያ ዱንያን እንተዋት ማለት ነው? አይደለም። ትንሽ ነገር ገብቶበት ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ውሃ «ውሃ» እስከተባለ ድረስ ጦሁር ነው። የሚፈስበት አፈር ቢያደፈርሰውም ጦሁርነቱን አያጣም። መቀላቀል አልተከለከለም፤ የተፈራው ስም እስኪጠፋ መቀላቀል ነው።

ውሃ ያጣ ሰው በእጁ ሙሉ ፔርሙዝ ሻይ ቢኖረው እንኳ ሻዩን ትቶ ወደ አፈር ይሄዳል፣ ተየሙም ያደርጋል። አፈር እንደ ሻይ አይጣፍጥም፤ ግን ስሙን ይዞ ስለቆየ ለሶላት ያበቃል።

በዚህ ጁምዓ አንድ ሰው ወደ ኸይር ጥሩ። አላህ ለራሳችን ንፁህ፣ ለሌላውም መጥሪያ ያድርገን። አሚን።