ጧሪ ነኝ ያለ ይጡር

ልጆቼ፣ ቡሄ ደብረ ታቦር ላይ እንዴት እንደሚውል አታጡትም። ነሐሴ 13 ሊጠባ ሲል ጅራፉ ከጋራ ጋራ ይጮኻል፤ ጉምም ከጉና ወርዶ ደጃፉን ይሞላዋል፤ ልጆቹም ዱላቸውን እየመቱ ከቤት ቤት ይዞራሉ። ለጨፈረ ልጅ ሙልሙል መንፈግ ባገራችን ነውር ነው። ባለፈው ቡሄ ግን አንድ ጎረቤቴ በሩን ዘግቶ፣ መብራቱን አጥፍቶ አመሸ። 35 ዓመት ያስተማረ፣ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በማግስቱ ምነው ብዬ ብጠይቀው፣ «ደጄ ላይ የሚጨፍሩት ያስተማርኳቸው ልጆች ልጆች ናቸው። ባዶ እጄን ወጥቼ ምን ብዬ ልመርቃቸው?» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ከሆዴ አልወጣ አለ።

«ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ» ይባላል። እኔም ፔሮል ላይ ስፈርም ኖሬ፣ በመጨረሻ ተጨብጭቦልኝ የተሸኘሁ ሰው ነኝና ጥቂት ልናገር። ልለምን አይደለም፤ ልቆጣም አይደለም። ቁጣ ሸማኔ አይደለም፤ የተቀደደውን አይሠራም። ነገሩን በሚዛን እናስቀምጠው ብዬ ነው።

ከስሙ ልጀምር። ጡረታ የመጣው ከመጦር ነው። ሽማግሌ ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላል፤ ከዚህ የበለጠ ምርቃት የለም። በ1955 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 209 ሲቆም፣ መንግሥት ለሠራተኛው የገባው ቃል ይኸው ነበር፦ ጉልበትህን ለኔ ስጥ፣ ስታረጅ ጧሪህ እኔ ነኝ። ይህም ቃል በነጻ የተገባ አይደለም። ያን ጊዜ ሠራተኛው ከደሞዙ 4 በመቶ፣ መንግሥት ደግሞ 6 በመቶ ያዋጡ ነበር። በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 714 መዋጮው አድጎ ከሠራተኛው 7፣ ከመሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ሆነ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ እያንዳንዱ ከጉርሻው ቀንሶ አንድ ጎተራ ሞላ።

እንግዲህ ጡረታ ምጽዋት አይደለም። ያደረ ደሞዝ ነው። በወጣትነቱ ከእጁ ሳይገባ የቀረ፣ በእርጅናው እንዲመለስለት በአደራ የተቀመጠ የራሱ ላብ ነው። አደራ ደግሞ በእኛ ዘንድ ከዕዳ ይከብዳል።

አሁን ስሌቱን እንየው። በአዋጁ መሠረት 10 ዓመት ያገለገለ ሲቪል ሠራተኛ ጡረታ ሲወጣ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደሞዙ ተይዞ 30 በመቶው ይሰጠዋል። ከዚያ በላይ ለሠራው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አዋጁ በ2014 ዓ.ም. በቁጥር 1267 ሲተካም የስሌቱ አጥንት ያው ነው። ጣሪያውን ለመንካት 42 ዓመት መሥራት ያስፈልጋል፤ በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ አንድ ቀን ሳያቋርጥ 60 የደፈነ ብቻ ይደርስበታል። 35 ዓመት የሠራው 61 ከሩብ በመቶ ያገኛል። አማካይ ደሞዙ 8,000 ብር ቢሆን፣ አበሉ 4,900 ብር ነው ማለት ነው። እሱ ሲሞት ደግሞ ለሚስቱ የሚተርፈው የዚያ ግማሽ ነው፤ 2,450 ብር። ባል ሲሞት የቤት ኪራይ ግማሽ አይሆንም፤ ጤፍም ለመበለት በግማሽ ዋጋ አይሸጥም።

ይህ ስሌት በወጣበት ቀን ክፉ ላይመስል ይችላል። ሰው ሲያረጅ ወጪው ይቀንሳል፣ ልጆቹም ይደርሱለታል ተብሎ የታሰበ ነው። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የርብን ወንዝ በክረምት ተሻግራችሁ የምታውቁ ይገባችኋል፤ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ አለ። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ቀጥሎ ጉልበት ነው፤ መሬት ከእግር የለቀቀ ለት ነው ጩኸቱ። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ ያለውን የዋጋ መንገድ ሁላችንም በዘንቢላችን ለክተነዋል። ጡረታ በየጊዜው ማስተካከያ ይደረግበታል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን ማስተካከያው በእግሩ ሲመጣ፣ ገበያው በፈረስ ይጋልባል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ጥቅምት 2017 ላይ የመንግሥት ሠራተኛ ደሞዝ ተሻሻለ፤ የመነሻው ደሞዝ ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ። መልካም ሥራ ነው፤ የሠራተኛው ጉሮሮ ደርቆ ነበር። አሁን ሁለት ጓደኛሞች እናስብ፤ አንድ ክፍል የተማሩ፣ አንድ ዓመት የተቀጠሩ፣ በአንድ ደረጃ የሠሩ። አንዱ በአንድ ዓመት ይበልጥና ሰኔ 2016 ላይ ወጣ፤ ሁለተኛው ሰኔ 2017 ላይ ወጣ። ሁለተኛው ቢያንስ ከ36ቱ ወሮች 9ኙ በአዲሱ የደሞዝ ስኬል ይቆጠሩለታል። የመጀመሪያው አንድም ወር የለው። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል። ጥፋቱ ምንድን ነው? ቀድሞ መወለዱ! ሁለቱ አንድ ወፍጮ ቤት ሲገናኙ፣ የወፍጮው ባለቤት «አንተ መቼ ጡረታ ወጣህ?» ብሎ አያስከፍልም።

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ያሉት ለዚህ ነው። ግሪክ በፈረንጆቹ 2010 ዕዳ ሲያንቃት የጡረተኞቿን አበል ደጋግማ ቆርጣለች። ሕዝቡ አልቅሷል፤ ግን በምክር ቤት ቀርቦ፣ በአደባባይ ተሟግቶ፣ በሕግ ተጽፎ ነው የተቆረጠው። እኛ ዘንድ የጡረተኛን እንጀራ ቆርጫለሁ የሚል ማንም የለም። የሚቆርጠው ገበያ ነው፤ ገበያ ደግሞ ችሎት አይቀርብም።

አንድ ቀን ይህን ሳነሳ፣ ከጉና ሥር የመጣ አንድ ገበሬ «እሱስ እኔን ማን ይጡረኝ? እናንተ ትንሽም ብትሆን ወር ጠብቃችሁ ትቀበላላችሁ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያልተመለሰ ጥያቄ ሆኖ እንዳይቀር ልመልስ። ወንድሜ፣ አንተ ስታረጅ መሬትህ አብሮህ አለ። ለጦረህ ልጅ ታወርሰዋለህ፤ እሱም ገብሱንና ድንቹን እየዘራ ያጎርስሃል። ያ ጎረቤቴ መምህር ግን ትናንት እብናት፣ ዛሬ ጋይንት፣ ነገ እስቴ እየተባለ ከቦታ ቦታ ሲዛወር ኖረ። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚባለው እንደሱ ላለው ነው። የእሱ መሬት ደሞዙ ነበር፤ ማሳውም ልጅህ የተማረበት ክፍል ነው። ደግሞም ያንተ ማጣት የእሱን ማጣት ትክክል አያደርገውም። ሁለት የተራቡ ሰዎች ቢተያዩ አንዳቸውም አይጠግቡም። ለሁለታችሁም የሚበጀው ጧሪ እንዲበዛ እንጂ ያለው እንዲሳሳ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የጡረተኛው ረኃብ የእሱ ብቻ ቢሆን፣ ጥቂት ዓመት ታግሦ ይሞትና ያበቃ ነበር። ነገር ግን ወጣቱ ሠራተኛ እያየ ነው። ንጹሕ እጁን ይዞ የወጣውን አለቃውን ሻይ ቤት ጥግ፣ ያደረ ጋዜጣ ይዞ፣ አንድ ሻይ ለሁለት ሰዓት ሲጠጣ ያየዋል። ስሙ የማይነሣውን፣ ማኅተም ይዞ የበላውን ደግሞ ባለ ፎቅ ሆኖ ያየዋል። ያን ጊዜ ያ የተረገመ ተረት ጆሮው ላይ ይደወላል፦ «ሲሾም ያልበላ፣ ሲሻር ይቆጨዋል።» እኛ ይህን ተረት በስብሰባ እናወግዛለን፤ በጡረታ ደብተር ግን እናስተምረዋለን። ሐቀኛውን በእርጅናው ያዋረደ አገር፣ ለሌባው ምስክር ቆሞለታል።

ይህ ደግሞ ለደብረ ታቦር ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ በዚህችው ከተማ ተቀምጠው፣ እዚህ ጋፋት ላይ መድፍ ሲያስቀጠቅጡ፣ ከብዙ ሐሳባቸው አንዱ ወታደሩን በደሞዝ ማሳደር ነበር። ደሞዝ የሌለው ወታደር ገበሬው ላይ ይሠፍራል፤ የገበሬውን ዶሮ አርዶ፣ ጎተራውን ገልብጦ ይሄዳል። ንጉሡ ያዩት ይህን ነው። መንግሥት ያላበላው አገልጋይ ሕዝብን ይበላል። ያ ሐሳብ ሳይፈጸም ቀረ፤ እውነቱ ግን ዛሬም ያው ነው። ያኔ ጦር ይዞ ይሠፍር ነበር፤ ዛሬ «ነገ ተመለስ» እያለ ይሠፍራል።

ለሹማምንት የምላችሁ፦ የገንዘቡ ጎተራ ሰፊ አለመሆኑን እናውቃለን። ካለው ጨርቅ በላይ ቁረጡ አንልም። ነገር ግን ሦስት ነገር ይቻላል። አንደኛ፣ ማስተካከያው በቸርነት ቀን ሳይሆን በሕግ ቀን ይምጣ። በአሜሪካ በፈረንጆቹ ከ1975 ጀምሮ የአረጋውያን አበል በየዓመቱ ከኑሮ ዋጋ ጋር በሕግ ይሰላል፤ ማንም ደጅ አይጠናም። የእኛ አቅም ያን ያህል ባይሆን እንኳ፣ ትንሽም ሆኖ የታወቀ ይሻላል። ሁለተኛ፣ የሠራተኛው ስኬል በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የወጣውም አብሮ ይታሰብ። ሦስተኛ፣ ጎተራው ነቀዝ አይብላው። የጡረታው ገንዘብ ለብዙ ዘመን የግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ተቀምጦ፣ ወለዱ ከዋጋ ንረቱ በታች ሆኖ ኖሯል። የ2014ቱ አዋጅ ወደ ሌላ አዋጭ ሥራ የሚገባበትን በር ከፍቶለታል፤ በሩ ሲከፈት ግን ጠባቂው ይታወቅ። የሽማግሌ አደራ የቁማር መያዣ አይሆንምና።

ለእኩዮቼ ለጡረተኞች የምላችሁ፦ መብታችንን እንጠይቅ፣ ግን አንራገም። እርግማን ቤት አይሠራም፤ የሽማግሌ አፍ ሲበላሽ ደግሞ አገር መካሪ ያጣል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ነውና በየብቻችን ከማጉረምረም በአንድ ቃል እንናገር። ወረቀታችሁንም በጊዜ አስተካክሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በፋይላችሁ ላይ የተሳሳተ ስም ወይም የልደት ዘመን ካለ፣ ነገ መከራዋን የምታየው ሚስታችሁ ናት።

ለእናንተ ገና ለምትሠሩት ልጆቼ፦ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንዳይሆንባችሁ፣ ጡረታ አለኝ ብላችሁ ብቻ አትቀመጡ። ዕቁብም ይሁን አንዲት ጥጃ፣ ጉልበት ሳለ የምትተክሉት አይጥፋ። እጃችሁን ግን አታቆሽሹ። በንጹሕ እጅ የተበላ ቆሎ እንቅልፍ ይሰጣል። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ አባቶች፤ እናንተ ግን ምክሩን ለመከራ አትተዉት።

ቡሄ ተመልሶ ይመጣል። በሩ የተዘጋ፣ መብራቱ የጠፋ ቤት ስታዩ፣ ሰው የለም ብላችሁ እንዳታልፉ። ደጁ ላይ ቁሙና ጨፍሩ፤ እንዲያውም ሙልሙሉን እናንተ ያዙለት። ያ ሰው ሊሰጣችሁ የሚችለው ምርቃት ብቻ ይሆናል፤ ተቀበሉት። እኔም እዚህ ላይ ልመርቃችሁ፦ ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ፤ ጧሪ ነኝ ያላችሁም ይጡራችሁ።